የደረጃውን ሒሳብ ማን ይከፍላል?

እስቲ ስልካችሁን አውጡና የምትከታተሉትን የሥራ ማስታወቂያ ቻናል ክፈቱ። ቴሌግራም ላይ ከሆነ ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ፎቶ ናቸው። ጋዜጣ ላይ የወጣው ፎቶ ይነሳል፤ ወይም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፈ በስልክ ይቀረጻል። ከሥሩ «አዲስ ክፍት የሥራ ቦታ! ለጓደኞችዎ ሼር ያድርጉ» ይባላል። በቃ።

ለእኔና ለብዙዎቻችሁ ምንም ችግር የለውም፤ በሁለት ጣት አጉልተን እናነበዋለን። ማየት የተሳነው ሥራ ፈላጊ ግን ስልኩን የሚጠቀመው በጆሮው ነው። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር የሚባሉት ፕሮግራሞች ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን በድምፅ ያነቡለታል። የተጻፈ ከሆነ ማለት ነው። ፎቶው ጋ ሲደርሱ ግን ብዙ ጊዜ «ፎቶ» ብለው ያልፋሉ። የሥራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ የመመዝገቢያው ቀን ሁሉ እዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል፤ ታናሽ እህቱን፣ ጎረቤቱን፣ ካፌ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ይጠይቃል። ወይም ይተወዋል።

ማስታወቂያውን የለጠፈው ልጅ ክፉ አይደለም። አምስት መስመር ለመተየብ የሚፈጀውን ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆጠበ እንጂ። ግን ያ ሦስት ደቂቃ የትም አልጠፋም። ከለጠፈው ልጅ ትከሻ ወርዶ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ተጫነ። ያውም በዝቶ።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ከሚሰጡን የመጀመሪያ ምሳሌዎች አንዱ የፋብሪካና የወንዝ ጉዳይ ነው። ፋብሪካው ፍሳሹን ሳያጣራ ወንዝ ውስጥ ሲደፋ የማጣሪያውን ወጪ ያስቀረ ይመስለዋል። አላስቀረም። ታች ያለው ገበሬ በታመመ ከብትና በተበላሸ ጓሮ ይከፍልለታል። ይህ ወጪ የፋብሪካው መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር ፋብሪካው በርካሽ ያመረተ ይመስላል። ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ሲነሳ ደግሞ ወሬው ሁሌ ስለ ርኅራኄና ስለ በጎነት ነው። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለ ወንዙ ነው። እኛ የቆጠብነውን ሒሳብ ማን እየከፈለው ነው?

ሦስት ደረጃ ስንት ያወጣል?

አንድ ቢሮ መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ አለው እንበል። እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ድምሩ 45። ብዙዎቻችን እዚያ ደረጃ መኖሩን እንኳ አናስታውስም። አሁን በዊልቸር የምትንቀሳቀስ አንዲት የአካውንቲንግ ምሩቅ እዚያ ቢሮ ሥራ አገኘች እንበል። ልጅቷም ቁጥሮቹም ለስሌት ያህል የፈጠርኳቸው ናቸው፤ በምታውቁት ዋጋ ቀይራችሁ አስሉት።

ደመወዟ 12,000 ብር ነው። የሥራ ባልደረባዋ በሚኒባስ ደርሶ መልስ 60 ብር ያወጣል፤ በወር 22 የሥራ ቀን 1,320 ብር መሆኑ ነው። እሷ ሚኒባስ ልትጠቀም ብትል ዊልቸሩን አጥፎ የሚጭን ሰው ያስፈልጋታል። ረዳቱም «ቦታ የለም» ይላታል፣ ወይም ለዊልቸሩ የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምሪ ይላታል። የሚቀራት ኮንትራት ነው። ደርሶ መልስ 600 ብር ብናደርገው በወር 13,200 ብር ይመጣል። ባልደረባዋ ትራንስፖርቱን ከፍሎ 10,680 ብር ይዞ ይገባል። እሷ ግን ለመሥራት በየወሩ ከኪሷ 1,200 ብር ትከፍላለች። ይህ ቢሮው በር ላይ የተቀመጡት ሦስት ደረጃዎች፣ ተሸክሞ የሚያስገባት የጥበቃ ሠራተኛ፣ መሬት ቤት ውስጥ የሌለው ሽንት ቤት ሳይቆጠሩ ነው።

ስለዚህ ቤቷ ትቀመጣለች። ውሳኔው ከስንፍናም ከተስፋ መቁረጥም የመጣ አይደለም፤ ማንኛችንም ብንሆን ይህን ሒሳብ ሠርተን ቤት እንቀመጣለን። ጎረቤት ግን ሒሳቡን አያይም። «ምስኪን፣ መሥራት አትችልም እኮ» ይላል። ሥራ መፈለጓን ካቆመች ደግሞ በዓለም አቀፉ መደበኛ አቆጣጠር ከሥራ አጦች ጋር እንኳ አትቆጠርም። ከሥራ ገበያው ውጪ ናት ተብላ ትታለፋለች። አራት ዓመት የተማረችው፣ መንግሥትና ቤተሰብ ያወጡባት ገንዘብ በዝምታ ይባክናል።

ይህ የእሷ ብቻ ኪሳራ ነው? የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው አንድ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ አሥር ታዳጊ አገሮችን አይቶ ነበር። አካል ጉዳተኞችን ከሥራ ውጪ ማድረግ አገሮቹን ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው ከ3 እስከ 7 በመቶ የሚሆነውን ያሳጣቸዋል ብሎ ገምቷል። ያውም በየዓመቱ። ያቺን አካውንታንት በመቶ ሺዎች አባዙና ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። የታችኛው ገበሬ እሷ ብቻ ሳትሆን ሁላችንም ነን ማለት ነው።

በሌላው ወገን ያለውን ወጪም እንየው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የአካል ጉዳት ሪፖርት እንደሰፈረው፣ አዲስ ሕንፃ ከመጀመሪያው ተደራሽ ሆኖ እንዲሠራ ማድረግ በጥቅሉ ከጠቅላላ ወጪው 1 በመቶ ገደማ ነው የሚጨምረው። «ከመጀመሪያው» የምትለዋ ቃል ናት ቁልፏ። በብዙ አገሮች ደረጃ የራምፕ ቁልቁለት 1 ለ12 ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። ለእኛ 45 ሳንቲ ሜትር 5.4 ሜትር መሆኑ ነው። ወረቀት ላይ እያለ 5.4 ሜትር ማግኘት ቀላል ነው፤ እንዲያውም ወለሉን ዝቅ አድርጎ ደረጃውን ጭራሽ ማስቀረት ይቻላል። ሕንፃው አልቆ፣ በሩ አስፋልቱን ተጠግቶ ከተገተረ በኋላ ግን 5.4 ሜትር ከየት ይመጣል? ከዚያ በየቦታው የምናያት ራምፕ ትሠራለች፤ አጭር፣ ቀጥ ያለች፣ በሴራሚክ የተለበጠች፣ ዝናብ ሲዘንብ ጤነኛ እግርን የምታንሸራትት። ማንም በዊልቸር ብቻውን ሊወጣባት አይችልም። የተሠራችው ለተቆጣጣሪ ነው።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ላይ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ ለማይወጡም ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። ሽንት ቤቶችንም አልረሳም። አዋጁ ከወጣ በኋላ ስንት ሕንፃ ተሠራ? እያንዳንዳችሁ በምትኖሩበት ከተማ ዞር ዞር ብላችሁ ቁጠሩ። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ አንዳንድ ቦታ ለዓይነ ስውራን የሚሆን ሸካራ ንጣፍ ተነጥፎበታል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን መንገዱ ሰፍቶ፣ መንገዱ ዳር ያለው ካፌ፣ ፋርማሲና ባንክ አሁንም ደረጃ ካለው፣ የሰፋው መንገድ የሚያደርሰው እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነው።

«እንዲህ ዓይነት ደንበኛ የለኝም»

ይህን ወሬ ለካፌ ባለቤት ብታነሱ የምትሰሙት መልስ ይታወቃል፦ «ወንድሜ፣ በዊልቸር የመጣ ደንበኛ አይቼ አላውቅም። ለማን ብዬ ልሥራው?» እውነቱን ነው፤ አላየም። ደረጃው እያለ እንዴት ያያል? ድልድይ የሌለው ወንዝ ዳር ቆሞ «የሚሻገር ሰው የለም፣ ድልድይ ለምን ይሠራል» እንደ ማለት ነው።

ይህ አለማየት ከካፌው አልፎ እስከ አገር ቁጥር ድረስ ይሄዳል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከሕዝባችን አካል ጉዳተኛ የሆነው 1 በመቶ ገደማ ነው ብሎ መዘገበ። ከላይ የጠቀስኩት የ2011 ሪፖርት ደግሞ በዳሰሳ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ለኢትዮጵያ ያሰፈረው 17.6 በመቶ ነው። በዓለም ደረጃ የዓለም ጤና ድርጅት 16 በመቶ ይላል፤ 1.3 ቢሊዮን ሰው ገደማ፣ ከስድስት ሰው አንዱ። 1 እና 17 እንዴት የአንድ አገር ቁጥር ይሆናሉ?

ልዩነቱ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። ቆጣሪ በር አንኳኩቶ «እዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲል፣ አንዳንዱ አፍሮ «የለም» ይላል። ጓዳ የተደበቀ ልጅ ያለበት ቤትም «የለም» ይላል። ዓይኗ እየደከመ የመጣ እናት፣ ጆሮው የከበደ አያት ደግሞ ራሳቸውን እንደዚያ ቆጥረው አያውቁም። ዋሽንግተን ግሩፕ የሚባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ያዘጋጃቸው ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። መነጽር አድርገውም ቢሆን ለማየት ይቸገራሉ? ለመስማትስ? ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣትስ? ለማስታወስስ? ራስዎን ለመታጠብና ለመልበስስ? ሐሳብዎን ለማስረዳትስ? መልሱም «አዎ» ወይም «አይ» ሳይሆን በደረጃ ነው፤ ምንም፣ ትንሽ፣ በጣም፣ ጭራሽ አልችልም። ስም ሳይለጠፍ ችግሩ ይለካል። ከ1999 ወዲህ ቆጠራ አላካሄድንም፤ ሲራዘም ነው የኖረው። የሚቀጥለው ሲመጣ እነዚህ ስድስት ጥያቄዎች ቅጹ ላይ መኖር አለባቸው። በጀት የሚከተለው ቁጥርን ነው፤ 1 በመቶ ለተባለ ሕዝብ የሚመደበውም የ1 በመቶ ነው።

«ያልበገረው» የምትባል ርዕስ

በየሚዲያው የምናውቃት አንዲት ርዕስ አለች፦ «አካል ጉዳት ያልበገረው ወጣት»። ቲክቶክ ላይም አለች፤ ከበስተጀርባ አንጀት የሚበላ ሙዚቃ ታስገባለች። ልጁ ክራንቹን ይዞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ይታያል፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል። ኮሜንቱ በልብ ይሞላል። «እኛ ጤነኞቹ ምን ሠራን?» ይላል አንዱ። «እግዜር ይርዳህ ጀግናዬ» ይላል ሌላው። አንድም ሰው ግን «ቆይ፣ ይሄ ሕንፃ ለምን የሚሠራ ሊፍት የለውም?» ብሎ አይጠይቅም።

ርዕሷ ትልቅ ውሸት ተሸክማለች። ልጁን ሊበግረው የሞከረው እግሩ ነው ትላለች። እግሩ አይደለም። እግሩን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ኑሮውን ከእግሩ ጋር አስማምቷል። ሊበግረው የሞከረው ደረጃው ነው። ደረጃውን ደግሞ ያወጣው አርክቴክት፣ ያጸደቀው ባለሙያ፣ የገነባው ባለሀብት አለ። ቪዲዮው ሁሉንም በነፃ አሰናብቶ ልጁን አጨበጨበለት። ለአንድ ጀግና እያጨበጨብን ቤታቸው የቀሩትን መቶዎች «አልጀገኑም» እያልን ነው።

የትነበርሽ ንጉሤን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። በልጅነቷ የዓይን ብርሃኗን ያጣች የሕግ ባለሙያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ስሟ በተነሳ ቁጥር «ዓይነ ስውርነት ያልበገራት» ይባላል። ሥራዋ ግን የሚለው ሌላ ነው። የታገለችው ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ለሁሉም ክፍት እንዲሆን፣ ሕጉም ተፈጻሚ እንዲሆን ነው። የሚቀጥለው ልጅ ለመማር ጀግና መሆን እንዳያስፈልገው ማለት ነው።

ሳንቲሙም የዚሁ ዘመድ ነው። በክራንች ወይም በነጭ ዘንግ የሚንቀሳቀስ ሰው፣ ዘንጦ፣ ቦርሳውን ይዞ ታክሲ ሲጠብቅ ሰው መጥቶ እጁ ላይ አምስት ብር ያስቀምጥበታል። ሰጪው ጽድቅ የሠራ ይመስለዋል። ተቀባዩ ግን ወደ ሥራው የሚሄድ መምህር ሊሆን ይችላል። መስጠት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ግን አምስት ብር የሰጠው እጅ ነገ ቢሮው ውስጥ የዚያኑ ሰው የሥራ ማመልከቻ ወደ ጎን ካደረገ፣ በአንድ በኩል 13,200 ወስዶ በሌላ በኩል አምስት መልሷል።

አንባቢ ፍለጋ

ዩኒቨርሲቲ እያለን የዶርም ጎረቤታችን ማየት የተሳነው የሕግ ተማሪ ነበር። የሚፈልገው ኢኮኖሚክስ ነበር። «ግራፍ አለው፣ ሒሳብ አለው፣ ይከብድሃል» ተባለና ሕግ ገባ። ጎበዝ ነው፤ ሕጉንም ወደደው። ችግሩ ሃንድአውት ነበር። የሚሰጠው ሁሉ ፎቶኮፒ ወይም ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ስለሆነ ስልኩ ሊያነብለት አይችልም። ስለዚህ አንባቢ ያስፈልገዋል። ጓደኞቹ ተራ ገብተው ያነቡለታል፣ እሱ ይቀዳል፣ ማታ ማታ ደጋግሞ ይሰማል። ፈተና ሲደርስ ግን አንባቢውም ፈተና አለበት። ያኔ ሻይና ፓስቲ እየጋበዘ ሰው ያፈላልጋል። «እናንተ ትምህርት ታጠናላችሁ፣ እኔ ሰው አጠናለሁ» ይል ነበር፤ ማን ዛሬ ነፃ እንደሆነ፣ ማን እንዳይሰለች ማለቱ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ሃንድአውቱ መጀመሪያ የተተየበው ኮምፒውተር ላይ ነው። ዋናው ፋይል መምህሩ ላፕቶፕ ውስጥ አለ። በቴሌግራም ለመላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ድምፁ እንደ ሮቦት ቢሆንም አማርኛ የሚያነብ ነፃ ፕሮግራምም አለ። ያ አንድ ደቂቃ ስላልተከፈለ አንድ ተማሪ ለዓመታት በሻይ፣ በፓስቲና በይሉኝታ ከፈለው። ከሁሉም ውዱ ይሉኝታው ነው። ሰው በየቀኑ ባለዕዳ ሆኖ ሲኖር ምን እንደሚሰማው ገምቱ።

ይህ ሁሉ መብቱ መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ከዚያም በፊት በ2000 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568 ወጥቷል። ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ተፈላጊውን ችሎታ ያሟላ አካል ጉዳተኛ ከሌላው ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጣ ቅድሚያው የእሱ ነው። ሁለተኛ፣ አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለሠራተኛው እንዲመች የማድረግ ግዴታ አለበት። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ የከሰሰ ሰው ማስረጃ ማቅረብ አይጠበቅበትም፤ አላደላሁም ብሎ የማስረዳት ሸክሙ የተከሳሹ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ሸክሙን ከደካማው ትከሻ አንስቶ ወደ ጠንካራው አዙሮታል። የጎደለው የሚጠቀምበት ሰው ነው።

«አገሩ ደሃ ነው»

ትልቁ መከራከሪያ ይሄ ነው፤ ደግሞም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ዳቦ፣ ጤፍና የቤት ኪራይ እንዲህ በሆኑበት ጊዜ ራምፕ ቅንጦት አይደለም ወይ? መጀመሪያ እንደግ፣ ከዚያ እንደርስበታለን።

ሁሉም ነገር ርካሽ ነው ብዬ አልዋሽም። በየፍርድ ቤቱና በየሆስፒታሉ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መቅጠር ገንዘብ ይጠይቃል። ድሮ የተሠራ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሊፍት መጨመርም እንደዚያው። ልዩ ድጋፍ ለሚሹ ሕፃናት መምህር ማሠልጠን፣ ሰው ሠራሽ እግርና ዊልቸር ማቅረብ ከባድ ወጪ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ የሚያደርገው አቅም በፈቀደ መጠን ነው ይላል። የሚበጀው ቅደም ተከተል ማውጣት ነው።

ግን ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ወጪው ውድ በሆነበት ቦታም ቢሆን አለመክፈል የሚባል አማራጭ የለም። አስተርጓሚ ያልተቀጠረበት ሆስፒታል ውስጥ መስማት የተሳናት ነፍሰ ጡር ሕመሟን ለሐኪም መናገር አትችልም፤ ከፋይዋ እሷ ናት። ሁለተኛ፣ በጣም ብዙው ነገር ውድ አይደለም። የዋናው ፋይል መላክ፣ ማስታወቂያ መተየብ፣ አዲስ ሕንፃ ሲነደፍ ወለሉን ዝቅ ማድረግ፣ ስብሰባውን ምድር ቤት ማካሄድ፣ ፕላን የሚያጸድቀው ባለሙያ ራምፑ 5.4 ሜትር መሆኑን በሜትር ለክቶ ማየት፤ እነዚህ የደሃ አገር መፍትሔዎች ናቸው። ደሃ ሰው አንድን ዕቃ ሁለቴ መግዛት አይችልም። እኛ ግን መጀመሪያ ያለ ራምፕ እንሠራለን፣ ከዚያ አፍርሰን እንሠራለን።

ከዚያ ደግሞ ራምፑን ማን እንደሚጠቀምበት አንድ ቀን ቆማችሁ እዩ። ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት። የለስላሳ ሣጥን በጋሪ የሚያስገባ ልጅ። ጉልበታቸው የከዳቸው አባት። ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ለሦስት ሳምንት ክራንች የያዘ የሃያ ዓመት ጎረምሳ። ዕድሜ ከሰጠን ሁላችንም አንድ ቀን ከደረጃው ሥር ቆመን ወደ ላይ እናያለን።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። የመብት ክርክሩ በእኔ አረዳድ ይቺው ናት። ሎሚዎቹን ማንም አይጥላቸውም፤ መሬት ላይ የሚቀሩ አይደሉም። ያለው ምርጫ አንድ ሰው ሃምሳውን ይሸከም፣ ወይስ እያንዳንዳችን አንዳንድ እንያዝ የሚለው ብቻ ነው።

የእናንተ ሎሚ ስልካችሁ ውስጥ ነው

ሕንፃ አትሠሩም ይሆናል፤ በጀትም አትመድቡም። ግን ስልክ የያዘ ሁሉ በየቀኑ ለሌላው ሰው ደረጃ ወይም ራምፕ እየሠራ ነው። ስለዚህ፦

ማስታወቂያ ስትለጥፉ ጽሑፉን ተይቡት። ፎቶው ይኑር፣ ግን ዋና ዋናው ከሥሩ በፊደል ይጻፍ። የቻናል አድሚን ከሆናችሁ ሕግ አድርጉት።

ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ኤክስ ላይ ፎቶ ስታወጡ ለፎቶው መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ አለ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ሦስት ልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ይስቃሉ»።

ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ የምትናገሩትን ከሥር በጽሑፍ አስገቡ። መስማት ለተሳነው ይጠቅማል፤ ታክሲ ውስጥ ያለ ኢርፎን ለሚያየውም ጭምር። ግሩፕ ላይ የአራት ደቂቃ ቮይስ ከላካችሁም ፍሬ ነገሩን በሁለት መስመር ጻፉ።

አፕ ወይም ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች፣ ለእናንተ የቤት ሥራ አለኝ። ቶክባክን አብሩ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ የራሳችሁን አፕ ከፍታችሁ ገንዘብ ለመላክ ወይም ፎርም ለመሙላት ሞክሩ። በየቁልፉ ላይ ስም የሌለው ቁልፍ መሆኑን ብቻ የሚነግራችሁ ከሆነ ሥራችሁ አላለቀም። ለቁልፉ ስም መስጠት የአንድ መስመር ኮድ ነው።

ዝግጅት የምታዘጋጁ ከሆነ አዳራሹን ስትከራዩ ከዋጋው ቀጥሎ «መግቢያው ደረጃ አለው? ሽንት ቤቱስ?» ብላችሁ ጠይቁ። አሥር ሰው ከጠየቀው ባለአዳራሹ መልስ ማዘጋጀት ይጀምራል። ገበያ የሚሰማው ይህንን ነው።

መርዳት ስትፈልጉ መጀመሪያ ጠይቁ። «ልርዳዎት?» በቂ ነው። ዊልቸሩን ሳትጠይቁ አትግፉ፤ ክንዱን ሳታስታውቁ ይዛችሁ መንገድ አታሻግሩ፤ ምናልባት መሻገር አልፈለገም። ስታናግሩትም እሱን አናግሩት። አብሮት ያለውን ሰው «ምን ይፈልጋል?» አትበሉ፤ አፍ አለው።

«ያልበገረው» የሚል ቪዲዮ ደግሞ ሲመጣላችሁ፣ ልብ ከመላካችሁ በፊት ኮሜንቱ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «ሊፍቱ የት ነው?» የሕንፃው ስም ካለም አብራችሁ ጻፉት።